መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ የሚያነብ ዐቃቤ

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ዙሪያዋን በደን ተከብባ የምትገኘው ያዮ ስሟ ባሕር ተሻግሮ የተሰማው በቡናዋ ነው፤ ይኸውም ገበሬ ያልተከለው፣ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በገዛ ራሱ የሚበቅለው የዱር ቡና ከነልዩ ልዩ ዘሩ በደኗ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ደኑን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አግብቶታል። ነገር ግን በመከር ወራት ቡናቸውን ሸጠው ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ወደ ከተማ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከባንክ መስኮት ፊት ቆመው የሚሰሙት ቃል ከዩኔስኮ መዝገብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። «አባባ፣ ሲስተም የለም» ይላቸዋል ወጣቱ ገንዘብ ከፋይ። «መቼ ይመጣል፣ ልጄ?» «እኛም አናውቅም፤ ከላይ ነው የተቋረጠው።» ሽማግሌውም ጋቢያቸውን አስተካክለው ከአግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ይህ የያዮ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ በመቱም፣ በጎሬም፣ በአዲስ አበባም ቢሆን ያልሰማው የለም።

ገንዘብ ከፋዩ «አናውቅም» ባለባት በዚያች ሰዓት ግን፣ ከጀርባው በተቆለፈችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የሆነውን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ፣ ባትሪው ሥራውን የተረከበበትን ሴኮንድ፣ መስመሩ የወደቀበትን፣ ተነሥቶም እንደገና የወደቀበትን ቅጽበት አንድ በአንድ ጽፈውታል። የጻፉትን ያን ጊዜውኑ ያነበበ ሰው ግን አልነበረም፤ የሚያነበውም ቢመጣ፣ በማግስቱ ከመቱ በመኪና የሚመጣው ባለሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በጽሕፈቱና በንባቡ መካከል ያለው ይህ የጊዜ ርቀት ነው፤ ርቀቱንም ማጥበብ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የታላላቅ ድርጅቶች ብቻ ጸጋ አይደለም።

ባለሙያዎች ሎግ ብለው የሚጠሩት መዝገብ የመሣሪያው ዜና መዋዕል ነው። እያንዳንዱ መልእክት አንድ መስመር ሲሆን፣ በውስጡ ጊዜው፣ የመሣሪያው ስም፣ የተናገረው ክፍል ስም፣ በመጨረሻም ቃሉ ተሰድረው ይገኛሉ። ይህን አጻጻፍ ያስጀመረው ኤሪክ ኦልማን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እርሱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሴንድሜይል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አመላላሽ ሲሠራ፣ በመንገድ የገጠመውን ሁሉ የሚመዘግብለት ሲስሎግ የተባለ ረዳት አበጀለት፤ ረዳቱም ከጌታው ይልቅ ገንኖ፣ ከግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ትንሽ ራውተር አንሥቶ እስከ ታላላቅ የባንክ ሰርቨሮች ድረስ የብዙዎቹ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ሆነ። ልማዱ በጽሑፍ የተገለጠው እጅግ ዘግይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጀርመናዊው ራይነር ጌርሃርድስ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ደነገገው።

መልእክቱ ክብደቱንም ይናገራል። ማዕርጋቱ ከ0 እስከ 7 ስምንት ናቸው፤ 0 መሣሪያው በጠቅላላው ለሥራ የማይበቃበት ጭንቅ፣ 3 ስሕተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 7 ደግሞ ፕሮግራም ሠሪው ለራሱ ብቻ የሚጽፈው ጥቃቅን ነገር ነው። የተናገረው ክፍልም ከ0 እስከ 23 የራሱ ቁጥር ስላለው፣ የክፍሉ ቁጥር በ8 ተባዝቶ የክብደቱ ቁጥር ይደመርበትና አንድ ቁጥር ሆኖ በመልእክቱ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ ቁጥሩ 4 የሆነው የመግቢያ ፈቃድ ክፍል በክብደት 2 ቢጮኽ ቁጥሩ 34 ይሆናል። ይሁን እንጂ በማዕርጉ ብቻ መታመን አይገባም፤ ማዕርጉን የሰጠው መሣሪያውን የፈለሰፈው ሰው እንጂ የያዮን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አይደለምና። የሲስኮ መሣሪያዎች አንዱን የመስመር መቋረጥ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በ3 አንዴም በ5 ክብደት ይናገሩታል፤ ከ4 በታች ያለውን ቁጥር ብቻ እሰማለሁ ያለ አድማጭ እኩሉን ወሬ አጥቶ ይቀራል ማለት ነው።

መዝገብ ለኋላ ዘመን ብቻ ከተጻፈ ፋይዳው ለዳኝነትና ለምርመራ ይሆናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ከብዙ ሰው ኅሊና ገና አልጠፋም፤ በሥርዓቱ ላይ በተፈጠረ ጉድለት ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬውም በስልክና በመልእክት መለዋወጫዎች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛምቶ፣ ተማሪዎች በኤቲኤሞች ፊት ተሰለፉ፤ ባንኩም ግብይቱን እስኪያግድ ድረስ ሰዓታት አለፉ። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ባንኩ አስታወቀ፣ ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ በኋላ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ብር በማን እጅ እንደ ገባ ከመዝገቡ እየተለቀመ ተገኘ፤ ገንዘቡን ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በባንኩ ቅርንጫፎች እስከ መለጠፍም ተደረሰ። መዝገቡ፣ እንግዲህ፣ በታማኝነቱ አይታማም፤ ወንጀለኛውን ከነሰዓቱ አስረክቧል። ነገር ግን ለሰዓታት ከዘለቀው ሰልፍ አንጻር ሲታይ፣ ከፍርድ በኋላ የተገኘ ምስክር ያህል ነበር።

ንባቡን ወደ ጽሕፈቱ ሰዓት በማቅረብ ስሙን ያስጠራው ሰው ክሊፎርድ ስቶል ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የሥነ ፈለክ ሊቁ ስቶል ሁለት የሒሳብ መዝገቦች በ75 ሳንቲም ስለ ተለያዩ ልዩነቱን እንዲያጣራ ታዘዘ፤ እርሱም ነገሩን ሲከታተል የማይታወቅ እንግዳ ወደ ኮምፒውተሮቹ እንደሚገባ ስለ ደረሰበት፣ ከስልክ መስመሮቹ ጋር ማተሚያዎችን አገናኝቶ የእንግዳው ጽሕፈት ሁሉ እየተጻፈ ሳለ በወረቀት እንዲወጣለት አደረገ፤ ኋላም እንግዳው በገባ ቍጥር በወገቡ የታጠቀው ፔጀር እንዲጮኽ አሰናዳ። እንግዳው ማርኩስ ሄስ የተባለ ጀርመናዊ ነበር፤ የሰበሰበውን ምሥጢር ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ይሸጥ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ የስለላው ወሬ ሳይሆን የመሣሪያው ትሕትና ነው፤ ማተሚያና ፔጀር ብቻ ነበር።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ዛሬ የማተሚያውንና የፔጀሩን ስፍራ የሚይዘው ስክሪፕት፣ ማለትም መዝገቡን የሚያነብ አጭር ፕሮግራም ነው፤ መዝገብን ለስክሪፕት የማቅረቢያው መንገድም ከአንድ በላይ ነው። ቀላሉ፣ ክሮን የተባለው የሰዓት አስታዋሽ በየ5 ደቂቃው አንድ ስክሪፕት እንዲቀሰቅስና ስክሪፕቱ ፋይሉን ከፍቶ አገላብጦ እንዲተኛ ማድረግ ነው፤ ይህ ግን በሁለት ንባብ መካከል የሆነውን ዘግይቶ ከመስማቱ በላይ፣ ባለፈው ንባብ የቆመበትን ስፍራ ካላሰፈረ ያነበበውን ደግሞ እያነበበ አንዱን ጉዳት አሥር ጊዜ ያረዳል። ሁለተኛው ቴይል በተባለው ትእዛዝ የፋይሉን ጫፍ ይዞ አዲስ መስመር በተጻፈ ቍጥር መቀበል ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ አለ። በብዙዎቹ የሊኑክስ መሣሪያዎች ላይ ሎግሮቴት የተባለው ፕሮግራም በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሞላውን መዝገብ ስሙን ለውጦ ያኖርና በቀድሞው ስም ባዶ መዝገብ ይከፍታል፤ በትንሿ ኤፍ የታዘዘ ቴይል አሮጌውን አልለቅም ብሎ፣ ከእንግዲህ ማንም በማይጽፍበት መዝገብ ላይ ዐይኑን ተክሎ ይቀራል፤ በትልቋ ኤፍ የታዘዘው ግን ፋይሉን ሳይሆን ስሙን ስለሚከተል ወደ አዲሱ ይሻገራል። በአንዲት ፊደል መጠን ልዩነት ምክንያት ወር ሙሉ «ደኅና ነው» ሲሉ የከረሙ ጠባቂዎች ብዙ ናቸው።

የተሻለው መንገድ መዝጋቢው፣ ማለትም መዝገቡን የሚጽፈው ፕሮግራም ራሱ፣ መልእክቱን ወደ ፋይሉ ሲጽፍ ሌላውን ቅጂ ለስክሪፕቱ እንዲያቀብል ማድረግ ነው። የአንዱን ፕሮግራም ቃል ወደ ሌላው የሚያፈስሰውን ቧንቧ በዳግ ማክልሮይ ሐሳብ ኬን ቶምሰን በ1973 እ.ኤ.አ. በዩኒክስ ላይ ከሠራው ወዲህ፣ ይህ ዐይነት ቅብብል የሥራው መሠረት ሆኗል። ስም ያለው ቧንቧ በዲስኩ ላይ እንደ ፋይል ይታያል፤ መዝጋቢው በአንድ በኩል ይጽፋል፣ ስክሪፕቱ በሌላው ያነባል፤ ነገር ግን አንባቢው ቢዘገይ ቧንቧው በሊኑክስ ላይ እንደ ልማዱ 65,536 ባይት ብቻ ይዞ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው መልእክት ወይ ይቆማል ወይ ይጠፋል። ጌርሃርድስ በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው አርሲስሎግ የተባለው መዝጋቢ ግን ስክሪፕቱን በገዛ እጁ ያስነሣዋል፣ መልእክቱን መስመር በመስመር ያጐርሰዋል፣ ስክሪፕቱ ቢሞት እንደገና ይቀሰቅሰዋል፤ ለያዮ ብመርጥ የምመርጠው ይህን ነው። ስክሪፕቱም በቃል ሲነገር አጭር ነው፦ አንድ መስመር ተቀበል፤ ከምትጠብቃቸው ቃላት አንዱ ካለበት ቍጠር፤ ቍጥሩ ከወሰኑ ካለፈ አስጠንቅቅ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስ። በፓይተን ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም፤ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ መቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጽፈዋል።

ችግሩ ከአጻጻፉ ይልቅ በሚሠራበት አኳኋን ላይ ነው። ፕሮግራሞች ውጤታቸውን በሰው ፊት በስክሪን ላይ ሲያወጡ መስመር በመስመር ያወጣሉ፤ በቧንቧ ውስጥ ሲያወጡ ግን ድካም ለመቀነስ ሲሉ ቃሉን እያቈሩ ብዙ ጊዜ 4,096 ባይት እስኪሞላ ድረስ ይዘው ይቆያሉ። መልእክቱ 100 ባይት ያህል ቢሆን አርባ መልእክት እስኪከማች ድረስ አንድም አይለቀቅም ማለት ነው፤ ቀን ይህ የጥቂት ሴኮንድ ጉዳይ ቢሆን፣ መሣሪያው በጸጥታ በሚያድርበት ሌሊት ግን የባትሪው ኀይል ማለቁን የሚያረዳው መስመር ለንጋት ይደርሳል። መድኀኒቱ ለፕሮግራሙ «መስመር በተፈጸመ ቍጥር ልቀቅ» ብሎ በግልጥ ማዘዝ ነው፤ በተማሪ ክፍል ስክሪን ላይ ሲሞከር ግን ጉድለቱ ስለማይታይ ብዙዎች ሳያዙት ይቀራሉ።

ሌላው የስክሪፕቱ ዝግታ ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ኤስ ኤም ኤስ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ስክሪፕት በጭንቅ ሰዓት ተራውን ይዘጋዋል፤ የመዝጋቢውም ሰልፍ ሲሞላ ችግሩ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ መልእክት ሊጽፉ የሚሹትን ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያስቆም ይችላል፤ ሊያድን የመጣው ባለሙያ እንኳ ወደ ሰርቨሩ መግባት ተስኖት ደጅ ሊጠና ይችላል። ስለዚህ የሚያነበው ክፍል ሌላ፣ የሚልከው ክፍል ሌላ መሆን አለበት። ደግሞም ስክሪፕቱ የራሱን ሥራ በዚያው መዝገብ ከጻፈ፣ የጻፈውን መልሶ ይቀበላል፣ የተቀበለውንም ይጽፋል፤ ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ የገዛ ድምፁን ሲያዳምጥ ያድራል።

ማስጠንቀቂያው በየት በኩል ይውጣ የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ልዩ ክብደት አለው። ዛሬ ሁሉን ነገር በቴሌግራም መላክ ልማድ ሆኗል፤ የተቋረጠው መስመር ራሱ ቴሌግራም የሚሄድበት መስመር ከሆነ ግን «መስመሩ ተቋርጧል» የሚለው ቃል በዚያው በተቋረጠው መስመር በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ሲም ካርድ የገባባት ትንሽ ሞደም ከሰርቨሩ ጎን ብትቀመጥ ወሬው በሞባይል ምሰሶው በኩል ይወጣል፤ ምሰሶውም የሚናገረው በዚያው በተቈረጠው ፋይበር ከሆነ ይህም አይጠቅምም። እንዲህ ባለው ስፍራ ጠባቂውን በአዲስ አበባ ማኖር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ማዳመጥ ነው፤ ዋጋው የበዛ የክትትል ሥርዓት በማእከል ተተክሎ ከያዮ የሚደርሰው ነገር ዝምታ ብቻ ከሚሆን፣ በስፍራው ላይ ያለች ርካሽ ኮምፒውተር ብታነብና በክፍሉ በር ላይ ደወል ብትደውል እመርጣለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሰውን ከእንቅልፉ ሊያስነሣ የሚገባው መልእክት የትኛው ነው የሚለው ነው። በኢሉባቦር በቆሎ በሚያሸትበት ወራት ዝንጀሮና አሳማ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቍጥር ቢጮኽ ባለ እርሻው በሦስተኛው ሌሊት መነሣቱን ይተዋል፤ ጭራሽ ባይጮኽም እርሻው ያልቃል። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራችው የ5 ሜጋዋት ጣቢያ የምታበራላቸው የዚያ አገር ከተሞች የመብራትን መምጣትና መሄድ ያውቁታል፤ ስለዚህ «መብራት ጠፋ» የሚለው መልእክት ብቻውን በያዮ ወሬ አይደለም። መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪው ሥራ ጀምሮ፣ ጄኔሬተሩ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ «ተነሣሁ» ካላለ ያን ጊዜ ወሬ ይሆናል። መስመር አንድ ጊዜ ወድቆ ቢነሣ ይለፍ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ቢወድቅና ቢነሣ ግን ፋይበሩ የሆነ ስፍራ ላይ ተጎድቷልና መልእክቱ ይላክ። ወሰኖቹን ከመሣሪያው ጋር ከመጣው መጽሐፍ ማግኘት አይቻልም፤ የዚያን ስፍራ ያለፈውን መዝገብ አንብቦ፣ ክረምቱን ከበጋው ለይቶ መወሰን ያስፈልጋል፤ የጠባቂ ስክሪፕት ጸሐፊም ዋናው ሙያ ይህ ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በእኛ ዘንድ በተለይ ይገጥማሉ። በአሮጌው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በተገለጠው ደንብ የተጻፈ መልእክት ወርና ቀን ሰዓትም ይዞ፣ ዓመቱንም የሰዓት ቀጠናውንም አይጽፍም፤ አንዱ መሣሪያ በግሪኒች ሰዓት 23:40 ሲል ሌላው በኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና ተስተካክሎ የማግስቱን 02:40 ይላል፤ የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ በደብተሩ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱን አንድ አድርጎ የማያነብ ስክሪፕት ግን አንዱን ክስተት ሦስት ያደርገዋል። ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። አሮጌው ደንብ አንድ መልእክት ከ1,024 ባይት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ቢበዛ 341 ፊደል ላይ ይቈረጣል፤ ቁርጡም በአንዱ ፊደል መካከል ሊያርፍ ስለሚችል፣ ይህን ያልጠበቀ ስክሪፕት የተሰበረውን ፊደል ሲያነብ ይወድቃል። የደንበኛ ስም በግእዝ ፊደል በሚጻፍበት ቤት ይህ ቀድሞ መሞከር አለበት።

በመዝገቡ የሚጻፈው ቃል ሁሉ ከመሣሪያው የመጣ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሰው በመግቢያው ላይ የተጠቃሚ ስም ሲጽፍ፣ ስሙ ሐሰት ቢሆንም «ይህ ስም ሊገባ ሞከረ» ተብሎ በመዝገቡ ይገባል፤ እንግዲህ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በስም ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ስክሪፕቱም መስመሩን ሳይመረምር ለሌላ ፕሮግራም እንደ ትእዛዝ ቢያቀብለው፣ ጠባቂው ራሱ በር ከፋች ይሆናል። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሎግፎርጄ በተባለው የመመዝገቢያ ፕሮግራም የተገኘው ጉድለት ዓለምን ያስደነገጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ የገባ አንድ የተንኰል መስመር ሰርቨሩን ለባዕድ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ደግሞም መዝገቡ የሰዎችን ስምና የስልክ ቍጥር ስለሚይዝ የሕግ ጉዳይ አለበት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ አንብቦ የጨረሰው መዝገብ ይጣል ማለት አይቻልም፣ ለሁሉም ይከፈትም ማለት አይገባም።

የቀረው ጠባቂውን ራሱን የሚጠብቀው ማነው የሚለው ነው። የጥንቱ ሲስሎግ ምንም የሚነገር ነገር በሌለበት ሰዓት እንኳ በየ20 ደቂቃው «ማርክ» የምትል አንዲት መስመር የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ብዙ ሰዎች ቦታ ትፈጃለች ብለው አጠፏት፣ በእኔ አስተያየት ግን ከመልእክቶቹ ሁሉ የምትጠቅመው እርሷ ናት። የያዮው ስክሪፕት ይህችን መስመር በተቀበለ ቍጥር በመቱ ላለች ሌላ ኮምፒውተር አንድ አጭር ቃል ይላክ፤ የመቱዋ ኮምፒውተር ደግሞ ሥራዋ አንድ ብቻ ይሁን፦ ከመጨረሻው ቃል ወዲህ 45 ደቂቃ ካለፈ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ወደ ተረኛው ባለሙያ ስልክ ትደውል። 20 ደቂቃ ብቻ ብትጠብቅ በመንገድ በዘገየች አንዲት ቃል ምክንያት ሰውየውን በከንቱ ታስነሣዋለች፤ 45 ደቂቃ ብትጠብቅ ግን ሁለት ቃል እስኪቀር ድረስ ትታገሣለች፤ የባትሪው ዕድሜ ከዚያ የሚያንስበት ቅርንጫፍ ካለ ግን ማርክን በየ5 ደቂቃው አድርጎ ትዕግሥቱንም በዚያው ልክ ማሳጠር ይሻላል።